በግርግሙ የቀረችው ጽጌረዳ

ሰኞ ጠዋት የሙዚየሙ ጠባቂ ክሪሳንታ በሩን ከፍታ ስትገባ ከገናው ግርግም ሕፃኑ የለም። ማርያም አለች፣ ዮሴፍ አለ፣ በሬውም አህያውም እንዳሉ ናቸው። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ባዶ ጭድ ያያሉ። ጭዱ ላይ አንዲት ነጭ ጽጌረዳ ተቀምጣለች።

ታዲያ ክሪሳንታ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሳቀች!

«በመጨረሻ!» አለች ብቻዋን። «በመጨረሻ አንድ ደፋር ተገኘ!»

ሳቋ የገባን እኛ የሳን ቤኒግኖ ልጆች ነን። እኛ ጋ ገና ካለፈ በኋላ ሕፃኑ ከተኛበት ይነሳል። አራት ሰው የሐር ጨርቅ ጫፍ ጫፉን ይዞ፣ ሕፃኑን መሃል አስተኝቶ፣ በሻማና በቫዮሊን ሰፈሩን ይዞርና መልሶ ግርግሙ ላይ ያቆመዋል። ጨርቁን የያዙት አራቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ የባለቤቱም የእርስ በርሳቸውም አበልጅ ናቸው። ሕፃኑን ሳያቆም የሚዘገይ ሰውስ? ይሰረቅበታል! ሌባው ጽጌረዳ ትቶ ይሄዳል፣ እናትየዋ ባዶ ጭድ እንዳታይ። ከዛ ባለቤቱ ቫዮሊን አስይዞ በር ለበር እየዘፈነ ይፈልጋል፣ ሲያገኝ ወይኑም ኬኩም በሱ ነው። ይሄ ሁሉ ገና በገባ በአርባ ቀኑ፣ በካንዴላሪያ በዓል ያልቃል።

የሙዚየሙ ሕፃን ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ተኝቷል። ድሮ ላይኛው ተራራ ላይ የነበረች ቤተ ጸሎት ስትዘጋ የመጣ፣ ከአርዘ ሊባኖስ የተፈለፈለ፣ ውድ ነገር ነው። ባለቤቱ ደግሞ መንግሥት ነው። ከመንግሥት ማን ይሰርቃል?

ስለዚህ ክሪሳንታ ጽጌረዳዋን አልነካችም፤ ሕፃኑ ሳይመለስ አበባው ከተጣለ ነገሩ አበቃ ይባላላ። እየሮጠች ዶን ኤውስቶኪዮ ቤት ሄደች። ዶን ኤውስቶኪዮ የከተማው ቫዮሊን ተጫዋች ናቸው፤ ‹ቫዮሊናችን› ነው የምንላቸው። ከሳቸው በፊት የነበረውን ቫዮሊን የሚያስታውስ ሰው የለም።

«ዶን ኤውስቶኪዮ፣ ይነሱ! ሕፃኔ ተሰርቋል፣ እንፈልግ!»

በሩን ገርበብ አድርገው፣ «እጄን አሞኛል፣ ልጄ» አሏት።

ያለ ቫዮሊን ደግሞ ፍለጋ የለም። ስለዚህ ጠበቀች። ሌባ እኮ ፍንጭ ይሰጣል፤ ገበያ ላይ ይጠቅሳል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ወይኑ ደርሷል ወይ?» ይላል። አንድም ሰው አልጠቀሳትም። ሳምንት አለፈ፣ ሌላም አለፈ። ሳቋ ጠፋ።

ከዛ ዶክተር ቫልቡዌና ከዋናው ከተማ ከሜሪዳ መጣ። የማንም ሐኪም አይደለም፣ የባህል ዕቃዎች ተቆጣጣሪ ነው፣ ግን ክራባት ያሰረን ሁሉ ዶክተር ነው የምንለው። ባዶውን ግርግም አየ፣ አበባውን አየ፣ ፖሊስ ጠራ። ሕፃኑ እስከ ካንዴላሪያ ካልተገኘ ሙዚየሙ ይዘጋል፣ ዕቃው ሜሪዳ መጋዘን ይገባል፣ ክሪሳንታም ትከሰሳለች አለ።

መርማሪዋ በዓሉ ጥቂት ቀን ሲቀረው ደረሰች። ኢንስፔክተር ኦማይራ ዱጋርቴ። እሷም የተራራ ሰው ናት፣ እንደኛው። በምን አወቃችሁ በሉኝ። የሙዚየሙ ደጃፍ ላይ የተጋደመውን ውሻ፣ «ይቅርታ፣ ያሳልፉኝ እባክዎ» ስትለው ሰማናት። እኛ የተራራ ሰዎች ልጁንም ውሻውንም ‹እርስዎ› ነው የምንለው።

*

ክሪሳንታ ክፍል በክፍል አዞረቻት፤ የሽመና ዕቃው፣ የስንዴ መውቂያው፣ የእንጨት ኮርቻዎቹ፣ የአያቶቻችን የሱፍ ካባ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ያለው አሮጌ ቫዮሊን። ኦማይራ እያንዳንዱን ታያለች። ግርግሙ ጋ ስትደርስ ተንበረከከች።

«የመስታወት መክደኛው አልተሰበረም።»

«ቁልፍ አለው።»

«ቁልፉስ የት ነው?»

ክሪሳንታ ግድግዳው ላይ ያለውን ስዕል ገለጥ አደረገች። ከኋላው ምስማር፣ ምስማሩ ላይ ቁልፍ።

«ዶክተሩ ቁልፉ በእርስዎ እጅ ብቻ ነው ብሎ ጽፏል።»

«እኔ እጅ ነው። ግን ምስማሩን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።»

«ከተማው እዚህ ይመጣል?»

«ማን? የሳን ቤኒግኖ ሰው?» ክሪሳንታ በምሬት ሳቀች። «እዚህ ፊት ለፊት ያሉት ዶኛ ራሞና እንኳን አንድ ቀን ረግጠውት አያውቁም። ‹የገዛ ማሰሮዬን ለማየት ነው የምገባው?› ነው የሚሉኝ። ቱሪስት ይመጣል፣ ተማሪ ይመጣል። እሁድ እሁድ ደግሞ ዶን ኤውስቶኪዮ።»

«ምን ሊያደርጉ?»

«ያን ቫዮሊን ሊጫወቱበት። ካልተጫወቱበት ይሞታል ይላሉ። ሕፃኑ በጠፋበት እሁድም መጥተዋል፣ እኔ ገበያ ነበርኩ።» ወደ ሽመና ዕቃው ዞረች። «ኢንስፔክተር፣ እኔ እስር ቤቱን አይደለም የፈራሁት። ይሄ ዕቃ መጋዘን ከገባ ማን ያየዋል? ይሄን ሽመና የሰራችው አክስቴ ናት። መጋዘን ውስጥ ብል ይበላታል።»

«ይበላዋል ማለትዎ ነው።»

«አይ። አክስቴን ነው ያልኩት።»

ኦማይራ የደረቀችውን ነጭ ጽጌረዳ ትክ ብላ አየቻት።

«የደንቡ ሌባ ከሆነ እስካሁን ስቆ ይወጣ ነበር» አለች። «ደንቡን የሚያውቅ እውነተኛ ሌባ ከሆነ ግን፣ አበባ ጥሎ ሄዶ፣ እናንተ እየሳቃችሁ ስትጠብቁ ሳምንታት አገኘ ማለት ነው።»

ክሪሳንታ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ይሄ እሷም እኛም ያላሰብነው ነገር ነበር።

*

እንዲህ ከታሰበ ደግሞ ሁሉም ጣት ወደ ጋውዴንሲዮ ነው። ጋውዴንሲዮ የእንግዳ ማረፊያ አለው፤ አሮጌ በር፣ አሮጌ ኮርቻ፣ አሮጌ ቅዱስ፣ ያገኘውን ሁሉ ገዝቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው ነው። ሕፃኑንም ሊገዛ ሁለት ጊዜ ጠይቋል።

ኦማይራ ስትገባ አሳ ይጠብሳል።

«አውቄያለሁ» አለ ሳይዞር። «ለእኔ ነው የመጡት። ከተማው በሙሉ በዓይኑ አስሮኛል። ይቀመጡ፣ አሳ ይብሉ።»

«የሙዚየሙን ሕፃን ይፈልጉት ነበር?»

«አሁንም እፈልገዋለሁ! ያን ፊት አይተውታል? ሊያስነጥስ ያለ ነው የሚመስለው።»

«ያን እሁድ የት ነበሩ?»

ጋውዴንሲዮ አፉን ከፍቶ በጣቱ ወደ ውስጥ አሳየ። ሁለት መንጋጋ የለም።

«ሜሪዳ፣ የእህቴ ባል ጋ። ጥርስ ሐኪም ነው። ነቀለኝ፣ ከዛ እህቴ ቤት ጉንጬን ጠቅልዬ ስጮህ አደርኩ። ጎረቤቶቹን ይጠይቁ፣ እስካሁን ተቀይመውኛል።»

ኦማይራ ስልክ ደወለች። እውነት ነው፤ ጎረቤቶቹ ተቀይመውታል።

ልትወጣ ስትል ጋውዴንሲዮ፣ «አንድ ነገር ልንገርዎ» አለ። «ዘንድሮ ዶን ኤውስቶኪዮ ምን እንደነካቸው እንጃ። ድሮ ቀድሞ ያልጠራቸው ሰው ቤት አይሄዱም፣ ኩሩ ናቸው። ዘንድሮ ግን ሳይጠሩ እየመጡ ነው። እዚህም መጡ። ግርግሜ ፊት ቆመው ተጫወቱ፣ ወይን ስሰጣቸው አልጠጡም፣ ሄዱ።»

«እጃቸውን አሟቸው የለ እንዴ?»

«እጃቸውን? እንደዛ ሲጫወቱ ሰምቼ አላውቅም። ሊያስለቅሱኝ ነበር።»

*

ዶኛ ራሞና ከሙዚየሙ ፊት ለፊት ዳቦ ይጋግራሉ። በቤታቸው የስንዴ ሽታ እንጂ ሚስጥር አያድርም ይባላል፤ የመንገዱን ወሬ በሙሉ ከምድጃቸው ፊት ሆነው ያውቃሉ። ኦማይራ አጥንት ድረስ በርዷት ስለነበር ከጥያቄው በፊት አይብ የገባበት ትኩስ የሸንኮራ ውሃ አቀረቡላት።

«የሙዚየሙን ሕፃን አይተውት ያውቃሉ?»

«እኔ? በሩንም አልረገጥኩ። ማሰሮ እዚህም አለኝ።»

«ያን እሁድ ማን ሲገባ አዩ?»

«ኤውስቶኪዮ ገባ፣ ኤውስቶኪዮ ወጣ። ካባውን ለብሶ፣ እንደ ሁሌው። ሌላ ሰው አላየሁም።» ከዛ ሊጡን በጥፊ መቱት። «ስሙን አያንሱብኝ! ያ ቋጣሪ!»

«ምን አደረጉ?»

«ምን አላደረገም! ሃምሳ ዓመት ጎረቤት ነን። መጣ፣ እዚች ጋ ቆመ፣ ተጫወተ፣ ዓይኑን በየጥጉ አዞረ፣ ኬኬን በላ፣ ሳይጠይቀኝ ውልቅ!»

«ምን እንዲጠይቅዎ ነበር?»

ዶኛ ራሞና ፊታቸው ቀላ። «እሱ ያውቃል» አሉ። «እሱ ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ፣ እግዚአብሔርም ያውቃል። ለአንድ ጠርሙስ ወይን ብሎ! ይብሉ እንጂ፣ ልጄ፣ አይቡ ሳይቀልጥ።»

ኦማይራ ሳቋን ዋጠች። የአሮጊትና የሽማግሌ ኩርፊያ ነው ብላ አለፈችው።

አጥሩ ላይ ቀይ ጽጌረዳ ተንዘርግፎ ነበር። አየችው፣ ውበቱን አደነቀች፣ መንገድ ተሻገረች።

*

ዶን ኤውስቶኪዮ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ሳሎኑ ንጹህ፣ ቫዮሊኑ ግድግዳ ላይ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ግርግማቸው አለ። የሸክላው ሕፃናቸው በትንሽ ወንበር ተደግፎ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እግሩ ስር ጭዱ ላይ አንዲት የደረቀች ቀይ ጽጌረዳ አለች።

«ቆሟል» አለች ኦማይራ።

«ቆሟል።»

«አበልጆቹ እነማን ናቸው?»

«ዘንድሮ... ብቻዬን ነው ያቆምኩት። በዝምታ።»

«የከተማው ቫዮሊን ተጫዋች፣ ያለ አንድ አበልጅ?»

ሽማግሌው የሕፃኑን ወንበር አስተካከሉ።

«ያን እሁድ ሙዚየም ነበሩ። ሕፃኑ ግርግሙ ውስጥ ነበር?»

«ስገባ ነበር» አሉ፣ ወለሉን እያዩ። «ስገባ ተኝቶ ነበር።»

«ሰኞ ክሪሳንታ ስትጠራዎ እጅዎን አሞዎት ነበር። አሁን እንዴት ነው?»

«ተሽሎኛል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ኦማይራ አመስግና ወጣች። አንድ ነገር ጆሮዋ ላይ አቃጨለ፣ ግን ምን እንደሆነ አልያዘችውም። እንደዛ ብላናለች በኋላ። እንደ ትንኝ ነው አለች፤ ይሰማል እንጂ አይታይም።

*

የካንዴላሪያ ቀን ጠዋት መኪናው መጣ።

ትልቅ የጭነት መኪና ነው። ሾፌሩ ከነረዳቱ ወርዶ ኮርቻዎቹን መጫን ጀመረ። ከዛ ካባዎቹን፣ ከዛ መውቂያውን። እኛ መንገድ ላይ ቆመን እናያለን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ግማሾቻችን እነዚያን ዕቃዎች ያየናቸው ያን ዕለት ገና ነው። «ያ የአያቴ ኮርቻ አይደለም እንዴ?» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ።

ክሪሳንታ የሽመና ዕቃው ላይ ተደግፋ ቆማለች፤ እሷን ሳያነሱ እሱን አያነሱም።

«ዶኛ ክሪሳንታ፣ አያስቸግሩኝ» ይላል ዶክተር ቫልቡዌና፣ ክራባቱን እያላላ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዓይኗን ማየት አቅቶት ጣሪያ ያያል። «እኔም ትእዛዝ አለብኝ። በዓሉ ዛሬ ነው። ሕፃኑ የለም።»

ሾፌሩ ግርግሙ ጋ ደረሰ። «ይሄን አበባ ልጣለው?»

«እንዳይነኩት!» ክሪሳንታ ጮኸች። «ሕፃኑ ሳይመለስ አበባ አይጣልም!»

ኦማይራ ያን ጊዜ በሩ ላይ ነበረች። ቀጥ ብላ ቀረች።

አበባ የሚቀመጠው ሕፃን በተሰረቀበት ቦታ ነው። የማይጣለው ደግሞ ያልተመለሰ ሕፃን ሲኖር ነው። የዶን ኤውስቶኪዮ ሕፃን ግን ቆሟል፤ ማንም አልሰረቀውም። ታዲያ ያቺ ቀይ ጽጌረዳ የማንን ቦታ ነው የምትጠብቀው?

መንገዱን በሩጫ ተሻገረች። ኢንስፔክተር ስትሮጥ አይተን ስለማናውቅ እኛም ተከተልን።

*

ሽማግሌው በሩን ሲከፍቱ ቫዮሊናቸውን እንደያዙ ነበሩ። ኦማይራ በቀጥታ ወደ ግርግሙ ሄደች፣ የደረቀችውን አበባ በጣቷ አሳየች።

«የማን ናት?»

ዶን ኤውስቶኪዮ ተቀመጡ። እኛም በመስኮት ተደራርበን እናያለን።

«በዚህ ሸለቆ ያላቆምኩት ሕፃን የለም» አሉ በመጨረሻ። «የሀብታሙን አቁሜያለሁ፣ የድሃውን አቁሜያለሁ። የሰካራሙን እንኳ፣ ባለቤቱ ራሱ መቆም አቅቶት። እሁድ እሁድ ያን አሮጌ ቫዮሊን ስጫወት እሱ ከመስታወት ስር ሆኖ ያየኛል፣ እንደተኛ። ሦስት ዓመት። ልጅ እኮ ነው፣ ኢንስፔክተር። ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ያስተኛሉ?»

«ሰረቁት።»

«በደንቡ! ነጭ ጽጌረዳ ትቼ፣ በካባዬ ጠቅልዬ። ሰኞ ዕለት ለክሪሳንታ ልጠቅሳት ነበር። እዚህ አምጥቼ የራሴን ሕፃን አነሳሁና ሳጥን ውስጥ አስገባሁት፣ እሱን በጨርቅ እንደተጠቀለለ በቦታው አስተኛሁት፤ እንግዳ ይቀድማል። ከዛ ቅዳሴ ሄድኩ። ስመለስ...» እጃቸው ወደ ቀዩ አበባ ተዘረጋ። «ስመለስ ይቺ ናት ያለችው።»

ኦማይራ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ከእርስዎም ሰረቁት።»

«የኔ መስሏቸዋል! ዘግይተዋል ብለው ነው፣ በደንቡ። ማን እንደወሰደው አላወቅኩም። ልፈልገው ብነሳ፣ ‹የጠፋብዎ ሕፃን የቱ ነው?› ልባል ነው። የራሴን አውጥቼ አቆምኩት፣ ማንም እንዳይጠይቀኝ። ከዛ ቤት ለቤት ዞርኩ። ሁሉም ግርግም ፊት ተጫወትኩ። የለም! ፖሊስ መጣ ሲባል ደግሞ... ፈራሁ። ያቺ ልጅ ስታለቅስ እያየሁ ፈራሁ።» ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ዛሬ ልነግራት ነበር። መኪናውን ሳይ እግሬ እምቢ አለኝ።»

«ዶን ኤውስቶኪዮ» አለች ኦማይራ፣ «ቤት ለቤት ሲዞሩ አንድ ሰው እንኳ ጠይቀዋል?»

«እንዴት ብዬ?»

«እሱ ነዋ ችግሩ። የተሰረቀ ሕፃን ተደብቆ ነው የሚቀመጠው፣ ባለቤቱ ዘፍኖ እስኪጠይቅ። እርስዎ ደግሞ ዘፈኑን ትተው በዓይንዎ ፈለጉ።» ተነሳች። ፊቷ በራ። «ኬክ በልተው ሳይጠይቁ የወጡት ማን ቤት ነው? ቀይ ጽጌረዳስ ማን አጥር ላይ ነው ያለው?»

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ። ከዛ ዘጉት። ከዛ፣ «ራሞና!» አሉ። «ያቺ... ያቺ... አይብዋን በላሁ እኮ!»

«ኬኳን።»

«ኬኳንም!»

*

ቫዮሊኑ መንገድ ላይ ወጣ። የፍለጋውን ዜማ ሲጀምሩ ከተማው ሁሉ ዞረ። ሾፌሩ ኮርቻ እንደተሸከመ ቆሞ ቀረ፣ ዶክተሩ ወደ በር ወጣ፣ ክሪሳንታ የሽመናውን ዕቃ ለቀቀች። እየዘመርን፣ ግጥሙን ግማሹን ረስተን፣ ሻማ የያዘ በሻማ፣ ያልያዘ በባዶ እጁ፣ ዶኛ ራሞና በር ላይ ቆምን።

በሩ ተበረገደ። ዶኛ ራሞና እስከ ክርናቸው ዱቄት ናቸው።

«እስካሁን የት ነበሩ፣ እርስዎ ቋጣሪ!» አሉ። «ሕፃኑ ዱቄት ውስጥ ሊሸብት ነው!»

ሳጥናቸውን ከፍተው ከዱቄቱ ስር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ፤ ደንቡ ነው፣ ሌባ ሕፃን አይገልጥም። ዶን ኤውስቶኪዮ ተቀበሏቸው። ጨርቁን የገለጠችው ክሪሳንታ ናት።

ሊያስነጥስ ያለ የሚመስል ፊት ወጣ።

«ይሄ የእርስዎ አይደለም!» አሉ ዶኛ ራሞና።

«የሙዚየሙ ነው» አሉ ዶን ኤውስቶኪዮ።

«የሙዚየሙ?! የመንግሥት?!» ዶኛ ራሞና ተማተቡ፣ ግንባራቸው በዱቄት ነጣ። «ወይኔ ራሞና! መንግሥት ሰርቄ ዱቄት ውስጥ!»

ክሪሳንታ ሕፃኑን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ዶን ኤውስቶኪዮ ቆባቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው። የፈለግሽውን በይኝ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ‹አንቺ› ሲሉ ሰማናቸው።

እሷ ግን ነፃ እጇን አንስታ የኮሌታቸውን ዱቄት አራገፈችላቸው።

ዶክተር ቫልቡዌና ሕዝቡን እየገፋ መጣ። «ስለዚህ ሌቦቹ ሁለት ናቸው» አለ። «ኢንስፔክተር፣ ይሄን እንዴት ነው የሚመዘግቡት?»

«ምኑን?» አለች ኦማይራ። «ተሰረቀ፣ በደንቡ። ተፈለገ፣ በደንቡ። ካንዴላሪያ ሳያልፍ ተገኘ። እኔ የማየው አንድ ጥፋተኛ ብቻ ነው፤ ሦስት ዓመት ሕፃን ያስተኛ ባለቤት። እሱም ወይንና ኬክ ይከፍላል። ዶክተር፣ ባለቤቱ ማን ነበር?»

ሁላችንም ክራባቱን አየን።

«መንግሥት» አለ ቀስ ብሎ።

«እዚህ መንግሥትን ወክሎ የቆመውስ?»

ቫልቡዌና ዙሪያውን አየ። መኪናውን አየ፣ ሕፃኑን አየ። «አያቴ» አለ፣ ድምፁ ከሰውየው ያነሰ ሆኖ፣ «ሁሌ የጨርቁን የግራ ጫፍ ነበር የምታስይዘኝ።»

የእንጆሪ ወይኑን ከጋውዴንሲዮ አስመጣ፣ ኬኩ ከዶኛ ራሞና። የሐር ጨርቁን አራት ሆነው ያዙ፤ ክሪሳንታ፣ ዶኛ ራሞና፣ ኦማይራ፣ በግራ ጫፍ ዶክተሩ። ዶን ኤውስቶኪዮ ከፊት ሆነው እያለቀሱ ተጫወቱ። ሰፈሩን ዞረን ሙዚየሙ በር ላይ ስንደርስ ሾፌሩ የሽመናውን ዕቃ አንድ እግሩን መኪናው ላይ ሰቅሎ ነበር።

«ዶክተር፣ ልጫን ወይስ ላውርድ?»

ቫልቡዌና ጨርቁን እንደያዘ ዞረ። «ያውርዱ እንጂ! አበልጄ ላይ በር የምዘጋው እኔ ምን ሆኜ ነው?»

ሁሉም ሲገባ ዶኛ ራሞና ጫፋቸውን እንደያዙ ደፉ ላይ ተገተሩ። ሰልፉ ከኋላቸው ተደራረበ። በሕይወታቸው ረግጠውት አያውቁማ።

«ክሪሳንታ፣ አበልጄ» አሉ በሹክሹክታ፣ «መግቢያ ይከፈላል እንዴ?»

«ለሌባ በነፃ ነው» አለች ክሪሳንታ። «ይግቡ።»